የካፒቴን ኤርሚኒዮ ዜሮ

እህቴን ያገባው ሰውዬ ውሸታም ነው ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ውሸታም ሌላ ነው። ኤርሚኒዮ መሬት ላይ ዋሽቶ አያውቅም፤ ቃሉን አያጥፍም፣ ሰው አያማም፣ ንስሐ ሲገባ ቄሱ እስኪሰለቻቸው ድረስ ኃጢአቱን ይዘረዝራል። የሚዋሸው ባሕር ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም ስለ ዓሣ ብቻ። እዚህ ፒኮ ደሴት ላይ ደግሞ ስለ ዓሣ እውነቱን የሚናገር አጥማጅ ከተገኘ ወይ ታሟል፣ ወይ ጀልባውን ሊሸጥ ነው።

እኔ ኤቫሪስቶ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በእሱ ጀልባ ላይ ሞተር አያለሁ፣ መንጠቆ ላይ ሰርዲን እሰካለሁ፣ ምሳ እሠራለሁ፣ ስድብ እጠጣለሁ። ጀልባችን «የምሥራች» ትባላለች። ስሙን ያወጡላት አባቱ ናቸው፤ እኔ ግን እዚያች ጀልባ ላይ የምሥራች ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ሬዲዮው «ዛሬስ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ኤርሚኒዮ እግሩ ሥር መቶ ኪሎ ዓሣ እየተንፈራገጠ መነጋገሪያውን ያነሳና ድምፁን እንደ ሐዘንተኛ ዝቅ አድርጎ «ምን አለ ብለህ ነው ወንድሜ፣ ሁለት ትንንሽ። ነዳጄን ፈጀሁ» ይላል። ወዲያ ያለውም «እኔም ባዶ ነኝ፣ ምን እናድርግ» ይላል፤ የእሱም ጀልባ እስከ አፏ ሞልታለች። እኛ ዘንድ ይሄ ሰላምታ ነው። ማንም ማንንም አያምንም፣ ማንም አይቀየምም።

የኤርሚኒዮ ውሸት ግን ከሌላው ሰው ውሸት የሚበልጥበት ምክንያት ነበረው። ምክንያቱ አንድ ተራራ ነው፤ ውሃ ውስጥ ያለ ተራራ። ከወደባችን ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ያህል ሲኬድ፣ ሁሉም ሰው ጥልቅ ባዶ ውሃ ነው ብሎ የሚያልፈው ቦታ አለ። አባቱ እዚያ አንድ ቀን ለክብደት ያሰሩት ድንጋይ ከታሰበው ቀድሞ መሬት ነካባቸው። ያ ተራራ ጫፉ ከውሃው ገጽ ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር ዝቅ ብሎ ይጀምርና ጎኑ እየተንሸራተተ እስከ ሰባት መቶ ይወርዳል። ጎኑ ላይ ጎራዝ የምንላት ያቺ ዓይነ ትልቋ ቀይ ዓሣ ትኖርበታለች፤ ከሷ ዝቅ ብሎ አፈ ጥቁሯ አለች፤ ገደሉ ሥር ደግሞ ቼርኔ የምንለው፣ ሰው የሚያክለው ዓሣ። ቦታው የሚገኘው በዓይን ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን ግንብ ከፒኮ ተራራ ቀኝ ትከሻ ሥር ታስገባለህ፤ ከዚያ በስተምሥራቅ ያለው የባሕር መብራት ከጥቁሩ ዓለት ጀርባ ብቅ እስኪል ትነዳለህ። ሁለቱ ሲገጥሙ ቁም። ቆምክ ማለት ተራራው ላይ ነህ።

አባትየው ይህንን ምስጢር ለልጃቸው ያሳዩት በሰርጉ ቀን ነው። ጠዋት፣ ሙሽራው ሱፉን ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወርድ፣ «ሚስት የሚያገባ ሰው የሚያበላበት ሊኖረው ይገባል» ብለው ከነሱፉ ጀልባ ላይ አሳፈሩት። ሙሽራዋ እህቴ ዴኦሊንዳ ናት። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለአራት ሰዓት ተኩል አብሬያት ቆሜያለሁ። ሲመጣ ጫማው በጨው ነጥቶ፣ ፊቱ ላይ ደግሞ መልአክ ያየ ሰው ፈገግታ ነበር። እህቴ እስከ ዛሬ ያን ፈገግታ ለእሷ የፈገገው አይመስላትም፤ እውነቷን ነው።

ተራራውን ሰው ፊት መጥራት ስለማይቻል አባትየው «ማድ ቤት» አሉት። ኤርሚኒዮም በሬዲዮ ለዴኦሊንዳ «ዛሬ ማድ ቤት እገባለሁ፣ እቆያለሁ» ይላታል። ሬዲዮውን መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል። በዚህ የተነሳ ኤርሚኒዮ ለሠላሳ ዓመት ሚስቱን በማድ ቤት ሥራ የሚያግዝ ምስጉን ባል ተብሎ ኖረ። ቄሱ ሳይቀሩ አንድ እሑድ ምሳሌ አድርገው ጠቀሱት። እህቴ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ሰማች። ጨው የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ባል ይዛ፣ ሴቱ ሁሉ ዞር ዞር እያለ በቅናት ሲያያት፣ አንገቷን ደፍታ ቻለችው።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ከዓሣ ምርምር ቢሮ የመጡ ሰዎች ለየጀልባው አንዳንድ ደብተር አደሉ። ባሕሩ በአራት ማዕዘን ተከፋፍሏል፤ የት እንደሄድክ፣ ስንት ሜትር እንዳወረድክ፣ ምን እንደያዝክ ትጽፋለህ። ኤርሚኒዮ ማድ ቤት ያለበት ሳጥን ውስጥ ሁልጊዜ ዜሮ ይጽፋል። የያዘውን ዓሣ ሁሉም ሰው በሚያጠምድበት በትልቁ የባሕር ውስጥ ዳገት ስም ይመዘግበዋል።

«ለምን ዝም ብለህ ባዶ አትተወውም?» አልኩት አንድ ቀን።

«ባዶ ከተውኩት ሰውዬው እዚያ አልሄደም ይላሉ፤ ራሳቸው ሄደው ያያሉ። ዜሮ ካልኩ ግን ሄጄ አይቻለሁ ማለት ነው። ሌላ ሰው መልፋት የለበትም።»

እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ጭንቅላት ነው ያለው። በልቡ ትምህርት ቤት ቢላክ ኖሮ ሚኒስትር ይሆን ነበር ብሎ ያምናል።

እውነቱን ልናገርና፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ማድ ቤት እንደ ድሮው አልነበረም። ዓሣው አነሰ፤ ያለውም አጠረ። ኤርሚኒዮ መጀመሪያ ጨረቃን ከሰሰ፤ ቀጥሎ ሞገዱን፤ ቀጥሎ የእኔን ሰርዲን። ሰርዲኑን የገዛው ራሱ ነው። እኔ ነገሩ ገብቶኝ ነበር፤ ግን በአባቱ ተራራ ላይ ክፉ የሚናገረውን ሰው በቁሙ ወደ ባሕር ነው የሚወረውረው፣ እኔ ደግሞ መዋኘት አልችልም።

ባለፈው መጋቢት በአጥማጆች ማኅበር አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። የጠራችን ዶክተር ቤኔዲታ ናት፤ የዳቦ ጋጋሪው የአርናልዶ ልጅ። ተምራ ተመልሳ አሁን በየደሴቱ ዙሪያና በየባሕሩ ተራራ ላይ ጥልቁ ውስጥ ምን ዓይነት ዓሣ እንዳለ፣ ስንት እንዳለ፣ የምትቆጥር እሷ ናት። ግድግዳው ላይ ካርታ አበራች። የባሕሩን ወለል በማሽን የለካ መርከብ አልፎ ነበርና፣ ተራሮቹ ሁሉ ቁጥር ተሰጥቷቸው እንደ እብጠት ተደርድረዋል። ከደቡብ በኩል፣ ምንም መኖር በማይገባው ቦታ ላይ፣ «ዐሥራ አራት» የሚል ነጥብ አለ።

ኤርሚኒዮን አየሁት። ከስድስት መቶ ሜትር የወጣ ጎራዝ ዓይኑ ፈጦ ሆዱ ባፉ ሊወጣ ይደርሳል፤ ልክ እንደዚያ ሆኗል።

«ይህ ቦታ በጣም የተጎዳ ይመስላል» አለች ቤኔዲታ። «በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ዓሣ አልተመዘገበበትም። እንዲያገግም ለስምንት ዓመት ከአጥማጅ ዝግ ይሁን የሚል ሐሳብ አለን።»

«ዓሣ የለም ያለው ማነው?» አለ ኤርሚኒዮ፤ ከመናገሩ በፊት መቆሙን እሱም ያወቀ አይመስለኝም።

«እርስዎ ነዎት፣ ካፒቴን። ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት ጊዜ ሄደው ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት ጊዜ ዜሮ ጽፈዋል። ባዶ መሆኑን እያወቁ ለምርምሩ ብለው ይህን ያህል መመላለስዎ... እግዚአብሔር ይስጥልን።»

አዳራሹ አጨበጨበለት። ከኋላ አንዱ «ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት ጊዜ ባዶ ቦታ የሄደው እሱ ነው ወይስ ጀልባዋ ብቻዋን ናት?» ሲል ሳቁ ጣሪያውን ነካ። ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። እያንዳንዱ ካፒቴን አንገቱን ወደ ነጥቡ አስግጎ ማሰብ ጀምሮ ነበር። የትኛውም ጤነኛ ሰው ባዶ ቦታ ሁለት መቶ ጊዜ እንደማይሄድ ለመረዳት ዶክተር መሆን አያስፈልግም። ቦታው በትክክል የት ነው ብለው ቢጠይቋት ግን ቤኔዲታ ቦታው የሚገኝበትን ልኬት አልሰጥም አለች።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ፦ ግንቦት ላይ የምርምሯ ነጭ መርከብ እዚያ ሄዳ ሁለት ሺህ መንጠቆ ታወርዳለች። ዓሣ ከተገኘ ቦታው ክፍት ይሆናል፤ ካልተገኘ ክረምት ሲገባ በሕግ ይዘጋል። ከማኅበሩ ሁለት ካፒቴኖች ለታዛቢነት አብረው ይሂዱ ተባለ። ኤርሚኒዮ እጁን አወጣ። ሌላ እጅ ወጣ፤ የጓልቴር። ጓልቴር «ሦስት ወንድማማች» የምትባለዋ ጀልባ ባለቤት ነው፤ እሱ ግን ለእናቱ አንድ ነው፣ ጀልባዋን ከነስሟ ነው የገዛት። በመንደሩ የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ኤርሚኒዮ ክላርኔት፣ እሱ ትልቁን ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው አይነጋገሩም። በዓል ሲሆን እንኳ የቅዱሱን ምስል ተሸከም ሲሉት ወገቤን የሚል ሰው በፈቃዱ እጁን ሲያወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ምን አስቦ ነው?» ብዬ በልቤ የጠየቅኩት ያኔ ነው።

ቤት ስንገባ ኤርሚኒዮ ወንበር ላይ ተዘረገፈ።

«ዓሣ ከወጣ አገር ያውቅብኛል። ካልወጣ ይዘጋብኛል።»

«እውነቱን ንገራታ» አለች ዴኦሊንዳ።

«የቱን?»

«ዋሸሁ በላት። ዓሣ አለ በላት።»

«እንዴት ብዬ? ዐሥራ አንድ ዓመት በእጄ ጽፌ? በገዛ ዜሮዬ ታንቄ ልሞት ነው እኮ።» ከዚያ «ዓሣው ይውጣ» አለ። «ሰው ቢያውቅም ይወቅ፤ ይውጣ። የአባቴ ቦታ ከሚዘጋ ከሌባ ጋር ልካፈለው።» ለመንፈስ ቅዱስ በዓል አንድ በሬ ተሳለ። ሁለት ሺውም መንጠቆ ከሞላ ሁለት በሬ። ዴኦሊንዳ «መጀመሪያ አንዱን አግኝ» አለችው።

ግንቦት መጣ። እኔም ሰርዲን ለመሰካት ተቀጥሬ ሄድኩ። ባሕሩ ጸጥ ብሎ፣ የፒኮ ተራራ ከነጭ ቆቡ ጋር ጥርት ብሎ ታየ። ነጯ መርከብ በማሽኗ እየተመራች ሄዳ ቆመች። ቤኔዲታ መንጠቆው እስኪነሳ ድረስ ማንም እንዳይጠጋ አስጠንቅቃ ስለነበር ስድስት የመንደራችን ጀልባዎች ራቅ ብለው ከበቡን። ሰዎቹ በየጀልባቸው ጫፍ ላይ ቆመው እኛን በመነጽር ነው የሚያዩን። አልጠጉም፤ ግን መንጠቋቸው ተዘጋጅቶ በየቅርጫቱ እንደተቀመጠ ከሩቅ ይታየኝ ነበር። ነጯ መርከብ የቆመችበትን ቦታ መቼም ሊረሱት አይችሉም።

ኤርሚኒዮ የማያውቅ ሰው ለመምሰል «ይሄ የት ነው ደግሞ?» አለ።

«እኔ ምኑን አውቄ» አለ ጓልቴር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ንግግራቸው ይሄ ነው።

ይህን ባሉበት ቅጽበት ግን የሁለቱም አንገት ዞረ። መጀመሪያ ወደ ግንቡ። ከዚያ ወደ ተራራው ቀኝ ትከሻ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባሕሩ መብራት። እኩል ዞሩ፣ እኩል ቆሙ፣ እኩል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰርዲኑ ከእጄ ወደቀ።

«ምን ታያለህ?» አለ ኤርሚኒዮ ቀስ ብሎ።

«ተራራውን። ማየት ተከለከለ?»

«ግንቡንስ?»

«ቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ አማተብኩ።»

«አላማተብክም።»

«በሆዴ አማተብኩ።»

«ጓልቴር።»

ጓልቴር ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን ሲመረምር ቆየ። «ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው» አለ።

«ስንት ዓመት?»

«ከሰርግህ ሳምንት ጀምሮ። በሰርግህ ቀን ጠዋት እያጠመድኩ ነበር፤ አንተና አባትህ ሱፍ ለብሳችሁ ባሕር መሃል ቆማችሁ ወዲያ ወዲህ ስትጠቁሙ አየሁ። ሱፍ ለብሶ ባሕር መሃል የሚቆም ሰው ምን አለው? መጥቼ አየሁ።»

ኤርሚኒዮ ወደ እኔ ዞረ። ወደ ጓልቴር መዞር ሲገባው ወደ እኔ። «ሐሙስ!» አለ። «ሐሙስ ሐሙስ እናትህ ቤት ምሳ ነበርኩ! ሠላሳ ዓመት ያቺ ሴትዮ የጎመን ሾርባ ስታጠጣኝ ይሄ እዚህ ዓሣዬን ይጎትታል!»

«እናቴን አትንካ» አልኩ።

«አልነካኋትም፣ ሾርባዋን ነው።»

«እኔ እኮ ትንሽ ትንሽ ነው የምወስደው» አለ ጓልቴር። «ሌላ ሰው እንዳይጠረጥር ደብተሩ ላይም ዜሮ ነው የምጽፈው።»

ቤኔዲታ ከኋላችን ቆማ ኖሯል። «ሁለታችሁ ተመካክራችሁ የምትጽፉ ነበር የመሰለኝ» አለች። «ዜሮአችሁ አንድ ዓይነት ነው።»

«አንቺ ታውቂ ነበር ልጄ?» አለ ኤርሚኒዮ።

«ዳቦ ቤት ነው ያደግኩት፣ ካፒቴን። ከባሕር ባዶውን የተመለሰ ሰው ዳቦና ኬክ ተሸክሞ አይወጣም። ዜሮውን ባምነው ኖሮ ሁለት ሺህ መንጠቆ ይዤ አልመጣም ነበር። የማላውቀው ስንት እንደቀረ ብቻ ነው።»

መንጠቆው ሦስት ሰዓት ያህል ታች ቆየ። ሁለቱ ካፒቴኖች በዚያ ሁሉ ጊዜ መርከቧ ግራና ቀኝ ላይ ተቀምጠው ጀርባ ተሰጣጡ። ከዚያ ማሽኑ ገመዱን መሳብ ጀመረ፣ ሁለቱም ሳያስቡት መጥተው ከጎኔ ተደገፉ።

የመጀመሪያዎቹ መቶ መንጠቆዎች ላይ ሰርዲኑ እንዳለ ነው። እኔ እንደሰካሁት፣ ጅራቱ ሳይነካ። ባዶ መንጠቆ ቢሆን ኖሮ በልቶ ያመለጠ አለ ትላለህ። ያልተነካ ሰርዲን ግን ከዚያ ጥልቅ ሲመጣ ያስፈራል።

«ጫፉ ላይ ስለሆነ ነው» አለ ኤርሚኒዮ። «ጎኑ ላይ ነው የሚኖሩት።»

«ጎኑ ላይ ነው» አለ ጓልቴር።

ሁለተኛው መቶ ወጣ። ሦስተኛው። ሁለት ትንንሽ ጥቁር ሻርኮች፣ አንድ አፈ ጥቁር። ከዚያ አንድ ጎራዝ፣ ቁመቷ ከመዳፌ አትበልጥም። ቤኔዲታ በማስመሪያው ለካቻት፣ ጻፈች። ከዚያ እንደገና ሰርዲን፣ ሰርዲን፣ ሰርዲን። መሃል ላይ የተጠላለፈ የድሮ ገመድ ተንጠልጥሎ መጣ። አንዱ ጫፍ ላይ የእኛ ቋጠሮ ነበር፤ እኔው ራሴ የቋጠርኩት። ሌላው የጓልቴር ነው። ታች ሳንተያይ ተጠላልፈን ኖረናል።

ሁለት ሺው ሲያልቅ ዐሥራ አንድ ጎራዝ ነበረን። ሁሉም ገና ያልወለዱ። ቼርኔ የሚባል አንድም የለም።

ኤርሚኒዮ ዐሥራ አንዷን አንድ በአንድ አየ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ያን ጊዜም አላለቀሰም፤ ግን አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ፣ ጉንፋንም አልነበረበትም። «ጨረቃዋ አይደለችም እንዴ?» አለ።

«አይደለችም፣ ካፒቴን» አለች ቤኔዲታ። «ግን ዘር አለ። እነዚህ ትንንሾቹ ካሉ ተስፋ አለ። ማንም ካልነካቸው ይሞላል። ረጅም ዓመት ይፈልጋል እንጂ ይሞላል።»

«ዛሬውኑ ዝጊው።»

«አልችልም። ሕጉ ክረምት ላይ ነው የሚወጣው። እስከዚያ ማንንም ማገድ አልችልም።»

ስድስቱ ጀልባዎች ሞተራቸውን ማስነሳት ጀምረው ነበር። ሬዲዮው ጮኸ፤ የአንዱ ጀልባ ካፒቴን ዴልፊም ነው። «ካፒቴን ኤርሚኒዮ፣ እንዴት ነው? ምን ወጣ?»

ኤርሚኒዮ መነጋገሪያውን አነሳ። «ምንም የለም» አለ። «ስሙኝ፣ እውነቴን ነው። ሁለት ሺህ መንጠቆ፣ ዐሥራ አንድ ጎራዝ። መዳፍ መዳፍ የሚያክሉ። ቦታው አልቋል። እባካችሁ አትምጡ።»

 ከዚያ ከስድስቱም ጀልባ ሳቅ መጣ። «እግዚአብሔር ይስጥልን» አለ ዴልፊም፣ ሞተሩም ሲጮህ ተሰማ።

ጓልቴር መነጋገሪያውን ነጥቆ «የሚላችሁ እውነት ነው! ባዶ ነው!» አለ። ይሄ ነገሩን አበላሸው። ዘጠኝ ዓመት የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ባዶ ነው ካሉ እዚያ ያለው ዓሣ ምን ያህል ቢሆን ነው! ቤኔዲታ ተቀብላ በቁጥር ልታስረዳ ሞከረች፤ «እሷንም ገዟት» የሚል ድምፅ መጣ። ስድስቱም ጀልባዎች ፊታቸውን ወደኛ አዙረው እየመጡ ነው። ስድስት ጀልባ፣ በየጀልባው ቢያንስ ሺህ መንጠቆ። የቀሩት ትንንሾች እስከ ማታ ያልቃሉ።

ኤርሚኒዮ ጀልባዎቹን አየ። ከዚያ መነጋገሪያውን ከቤኔዲታ እጅ ወሰደ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኤርሚኒዮ ነኝ» አለ። «በቃ፣ ከእናንተ ምን ልደብቅ። ዋሽቻችኋለሁ። ሞልቷል። ኑ።»

የጀልባዎቹ ድምፅ ትንሽ ቀነሰ።

«ገመዱ ሲሳብ» አለ፣ «ዓሣው ገና ሃምሳ ሜትር ሲቀረው ውሃው ከታች ይቀላል። ቁልቁል ስታዩ ባሕሩ ሥር እሳት የተለኮሰ ይመስላችኋል። በየመንጠቆው አንድ፣ አንዳንዱ ላይ ሁለት። ሁለት ሰው ጎትቶ ሦስተኛው እየነቀለ አይደርሱበትም። ከዚያ ከገደሉ ሥር ቼርኔው ይመጣል፤ ለሁለት ካልተያዘ ከውሃ አይወጣም፤ ግንባሩን ስትነኩት በረዶ ነው። ጀልባዋ ጎንበስ ትላለች። በቃ እንሂድ ትላለህ፤ ገመዱ ግን አያልቅም። ኑ እንጂ። ለሁላችንም ይበቃል፤ ለልጆቻችንም ይበቃል።»

ድምፁ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። እነዚያ ደግሞ ያንን የመሰለ ማስመሰል ሰምተው አያውቁም። መጀመሪያ ዴልፊም ቆመ። «ሰውዬው ጨርሶ አብዷል» አለ በሬዲዮ። «ባዶ ነው ማለት ነው። ነዳጃችንን ሊያስፈጀን ነው፤ ተመለሱ።» አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተሳደበ፣ ስድስቱም አንድ በአንድ ዞረው ወደ መንደር ሄዱ።

እኔ እዚያው ሰርዲኔን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከተናገረው ውስጥ አንድም የተጨመረ ቃል አልነበረም። ይህን ያየነው በጀልባዋ ላይ በተቀጠርኩበት በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ አባቱ ገና በሕይወት ነበሩ። ገመዱን የጎተትነው እኔና እሱ፣ የሚነቅሉት አባቱ ነበሩ፤ ውሃውም ልክ እንዳለው ቀልቶ ነበር።

ጀልባዎቹ ከዓይን እስኪጠፉ ኤርሚኒዮ መነጋገሪያውን አላስቀመጠም፤ የሚሰማው ያለ ይመስል አፉ ላይ እንደያዘ ቆመ። ጓልቴር መጥቶ ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደውና ቦታው ላይ ሰቀለለት።